ግዝፈትና ብስለት

ሰው ለመፍረድ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚሰማው የዓይኑን ምስክርነት ነው። ዓይንም ትልቅ አካል ባየ ጊዜ፥ ኀይልና ብስለት አብረው እንዳሉ አድርጎ ይመሰክራል። ይህ ምስክርነት ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ያስተማረኝ ዶሮ ነው ብል፥ አንባቢ ሆይ፥ አትሣቅብኝ።

በአሜሪካ አገር ስኖር ብራህማ የሚባሉትን ግዙፋን ዶሮዎች አረባ ነበር። ለዚህ ዘር መነሻ የሆኑት ዶሮዎች ከቻይና፥ ከሻንጋይ ወደብ ወደ አሜሪካ የመጡ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. ጆርጅ በርነም የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ዘጠኙን ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ስጦታ አድርጎ ስለ ላከ ዝናቸው በሰፊው ተሰማ። ያደገው አውራ 5 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ እግሩም እስከ ጣቱ ድረስ ላባ የለበሰ ነው። ይህ ሱሪው በዝናም ቀን ጭቃውን ሁሉ ይሰበስባልና፥ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ በፎጣ የማደርቅለት እኔ ነበርሁ። ጎረቤቶቼም «ጌታው ማነው?» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። ለክብሩ ብዬ ቆጡን ከፍ አድርጌ ብሠራለት፥ ሲወርድ ከክብደቱ የተነሣ እግሩ ቈሰለ። ስለዚህ ቆጡን ዝቅ አደረግሁለት።

አንድ ቀን የጎረቤቴ አውራ ዶሮ፥ ቁመቱ ከርግብ እምብዛም የማይበልጥ፥ አጥር ዘሎ መጣ። የእኔው ግዙፍ አንድ ጊዜ አየውና እየጮኸ ሮጦ ከእግሬ ኋላ ተሸሸገ። እንባዬ እስኪመጣ ሣቅሁ። ኋላ ግን ገና የሰባት ወር ዶሮ መሆኑ ትዝ አለኝ። ይህ ዘር አካሉ ቀድሞ ይገዝፋል እንጂ፥ ፈጽሞ እስኪጐለምስ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ያን ጊዜ ሣቄ ቆመ። ከእኔ ጋር የሚኖር የዐሥራ አንድ ዓመት የእኅቴ ልጅ ነበር፤ ቁመቱ ትከሻዬን ደርሷል። በዋዜማው ሌሊት አዲስ አበባ የቀረችውን እናቱን አስቦ ሲያለቅስ፥ «ይህን የሚያህል ጐረምሳ ሆነህ አታፍርም?» ብዬው ነበር። እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ዝም አለ። ለዶሮው ቆጡን ዝቅ ያደረግሁ ሰው፥ ለልጁ ከዕድሜው በላይ የሆነ ቆጥ ሠርቼ ዝለል ብዬዋለሁ።

«ልጅ ካልተገሠጸ እንዴት ይጠነክራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ተግሣጽ የሚገባው ለጥፋት ነው፤ ልጅነት ግን ጥፋት አይደለም።

ማታ ልጁን ጠርቼ የዶሮውን ሽሽት ብነግረው ከልቡ ሣቀ። ጥቂት ቆይቶም «ጋሼ፥ እሱንም አታፍርም ብለው ተቈጡት?» አለኝ።

«የለም» አልሁት።

«ታዲያ እኔን ለምን?»

ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር መልስ አልነበረኝም።

አንተም ወጣት፥ ቁመትህ ዕድሜህን ቢቀድም አትፈር። ነገ ታላቅ ስትሆን ደግሞ፥ በታናሽህ ላይ ሸክም ከመጫንህ በፊት ትከሻውን ብቻ አትመልከት፤ ዕድሜውን ጠይቀው።