መካከለኛው የቱ ነው?

ቴሌቪዥን መግዛት የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ቢባል ፈገግ የሚል አይጠፋም። ገንዘብ ያለው ውዱን ይገዛል፤ የሌለው ረከስ ያለውን ይወስዳል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ፍልስፍና ያሻዋል ይባላል። በካርቱም ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልቀጠለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት የከተማይቱ ቤቶች በየተራ ሲዘረፉ፣ ከየሳሎኑ ተሸክመው ከወጡት ዕቃዎች መካከል ቴሌቪዥን ከፊተኞቹ አንዱ ነበር። የሱዳን ጦር ሠራዊት በማርች 2025 ከተማይቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደየቤታቸው ከተመለሱት ሰዎች ብዙዎቹ ያገኙት ባዶ ክፍልና ግድግዳው ላይ የቀረ የብረት መስቀያ ነው። በሩ ከተጠገነ፣ የውኃውና የመብራቱ ነገር መላ ከተገኘለት በኋላ ያ መስቀያ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ አሁን የሚገዛው ከሁሉ የተሻለው ነው ወይስ መካከለኛው? በዴምና በጅሬፍ ይኖሩ ለነበሩና ለተመለሱ፣ ወይም ጨርሶ ላልወጡ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጥያቄው አንድ ተጨማሪ ክር አለው፤ እርሱም አገር ቤት ሆኖ እጃቸውን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ከቃሉ መጀመር ይበጃል። በአማርኛ «መካከለኛ» ሲባል ምስጋናው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የልጁ ውጤት መካከለኛ ነው የተባለ ወላጅ ደስ ብሎት አይሄድም። በዐረብኛ ግን «ወሰጥ» የሚለው ቃል መካከልን ብቻ ሳይሆን ሚዛናዊውንና የተመረጠውን ጭምር ያመለክታል፤ ከነገር ሁሉ መልካሙ መካከሉ ነው የሚለውን ብሂል በሱዳን ገበያ ያልሰማ ሰው ማግኘት ያዳግታል። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚናገር ገዢ እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ቆሞ በአንዱ ልሳኑ ሲያፍር በሌላው ይኮራል ማለት ነው።

አርስቶትል ስለዚሁ ጉዳይ ሲያስተምር ያነሣው ምሳሌ ከሁለቱም ይልቅ ይረዳል። ዐሥር ምናን ምግብ ይበዛል፣ ሁለት ምናን ያንሳል ቢባል፣ አሠልጣኝ ለሁሉም ስድስት ምናን አያዝም፤ ያ ስድስት ለስመ ጥሩው ታጋይ ለሚሎ ትንሽ፣ ልምምድ ለሚጀምረው ደግሞ ብዙ ነውና። በቁጥር መካከል የሆነው ሁሉ ለሰውየው መካከል አይሆንም። የቴሌቪዥን ሻጮች ይህን ከፈላስፎች ባይማሩትም ጠንቅቀው ያውቁታል። ኢታማር ሲሞንሰን የተባለ የገበያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለት ዕቃ ለምርጫ ቀርቦ ሳለ ከሁለቱም የሚልቅ ሦስተኛ ዕቃ ሲጨመር፣ ቀድሞ ውድ የነበረው በመካከል ስለሚውል ፈላጊው ይበዛል። ውዱ ቴሌቪዥን በመደርደሪያው ጫፍ የሚቀመጠው እርሱ ራሱ እንዲሸጥ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ያለው ልከኛ መስሎ እንዲታይም ነው። መካከለኛውን በመምረጡ ስለ ትሕትናው ራሱን የሚያመሰግን ሰው ምርጫውን መደርደሪያው አስቀድሞ እንደመረጠለት አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት መደርደሪያው ይለወጣል፤ ልከኝነቱም አብሮት ዋጋው ይወጣል።

ስለ ውዱም በሐሰት መናገር አይገባም፤ በእርግጥ የተሻለ ነው። ዛሬ መካከለኛውም ውዱም አብዛኛውን ጊዜ እኩል የነጥብ ብዛት አላቸው፤ ወደ ጎን 3,840፣ ወደ ታች 2,160፣ በጠቅላላው 8,294,400 ነጥብ። ልዩነቱ ያለው ከብርሃኑ ላይ ነው። በመካከለኛው ቴሌቪዥን ከመስታወቱ ኋላ ያሉ መብራቶች ለብዙ ነጥቦች በጋራ ስለሚያበሩ የሌሊት ትዕይንት ሲመጣ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል። ኦሌድ በሚባለው ዓይነት ግን እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ያመነጫል፤ ሲጠፋም ፈጽሞ ይጠፋል። ይህን ውበት አጥርቶ ለማየት ክፍሉ መጨለም አለበት። በካርቱም ቀን ላይ መጋረጃ ቢወርድም ፀሐይ መግቢያ አታጣም፤ ማታ ቡና የሚፈላበት ሳሎን ደግሞ መብራቱ በርቶ ነው። ክፍሉ ፍጹም የሚጨልመው መብራት ሲቋረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ቴሌቪዥኖች እኩል ጥቁር ናቸው።

በሳህን የሚመጣው ምስልም የራሱ ገደብ አለው። በቀድሞው ደረጃ የሚላክ ሥርጭት 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከላይ ከተጠቀሰው ልክ ሃያ እጅ ያንሳል። ስለዚህ ከየሃያው ነጥብ ዐሥራ ዘጠኙን የሚሞላው ቴሌቪዥኑ ራሱ በግምት ነው። ኤችዲ በሚባለው ደረጃ ቢላክ እንኳ ከየአራቱ ሦስቱ ግምት ናቸው፤ በነጻ ከሚታዩት ጣቢያዎች እጅግ የሚበዙት ደግሞ ከዚህ ደረጃ አያልፉም። ከአዲስ አበባ ዜና የሚያነበው ሰው ፊት ካርቱም ሲደርስ በአብዛኛው የማሽን ግምት ነው ማለት ነው። ውዱ ማሽን የተሻለ ገማች ነው፤ የተጨመረው ገንዘብ የሚገዛው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ነገር ግን ሰው ቴሌቪዥን የሚገዛው ለዓይኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ተልባ እግር ሸሚዝ የጻፈው ነገር አለ፤ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ያለ እርሱ በምቾት ኖረዋል፤ በእርሱ ዘመን ግን የቀን ሠራተኛ እንኳ ያለዚያ ሸሚዝ ሰው ፊት መቅረብ ያሳፍረው ነበር። ስለዚህ ስሚዝ ሸሚዙን ከቅንጦት ሳይሆን ከአስፈላጊ ነገሮች ቆጠረው። ቴሌቪዥንም ዛሬ እንደዚያ ሸሚዝ ነው። አቢጂት ባነርጂና ኤስቴር ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት መጽሐፍ፣ በሞሮኮ ገጠር ገንዘብ ቢያገኝ ምግብ እንደሚጨምር የነገራቸው ሰው ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥንና ሳህን እንዳለው አይተው ቢጠይቁት፣ ከምግብም እንደሚበልጥበት እየሳቀ እንደመለሰላቸው ጽፈዋል። ይህን እንደ ሞኝነት የሚያይ ሰው ሥራ በሌለበት መንደር የሚውለውን ረጅም ቀን አያውቀውም። በሰው ቤት ተቀጥራ ሳምንቱን ሙሉ በሌላ ቋንቋ ስትታዘዝ የምትውል ኢትዮጵያዊት፣ በዕረፍት ቀንዋ ከጓደኞችዋ ጋር በተከራየችው ክፍል አማርኛ የምትሰማበትን መስኮት ቅንጦት ነው የሚላት ካለ ፍርዱ ከልክ ያለፈ ነው። ለእርስዋ ቴሌቪዥኑ ያስፈልጋታል። ጥያቄው ከዚያ በላይ ያለው ነው፤ ከመካከለኛው ወደ ውዱ የሚያሻግረው ልዩነት።

ዐረቦች የሚጥምህን ብላ፣ ለሰው ደስ የሚለውን ልበስ ይላሉ። ቴሌቪዥን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ባለቤቱ ይበላዋል፤ እንግዳው ደግሞ እንደ ልብስ ያየዋል። ለስደተኛው ሦስተኛ ዓይንም አለ፤ በስልክ ተልኮ ጎንደር ወይም ደሴ የሚደርሰው ፎቶግራፍ። ከጦርነቱ በፊት በገላባትና በመተማ በኩል ከሚመለሱ መንገደኞች ጋር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያልፍ የነበረው ቴሌቪዥን፣ የባከኑትን ዓመታት ከንቱ አለመሆናቸውን የሚመሰክር ነበር። ምስክርነቱን መናቅ አይገባም። ምስክሩ ግን ከግድግዳው ላይ ሆኖ ቤተ ዘመዱን «ገንዘብ አለ» እያለ ጥያቄ እንደሚያስከትል የቀመሰው ያውቀዋል።

ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኩሬ ውስጥ የሚሰጥም ሕፃን ያየ ሰው ልብሱ ይበላሻል ብሎ ከማዳን ካልተቆጠበ፣ ሩቅ አገር ለሚራበውም ሰው ግዴታው ከዚህ እንደማያንስ ተከራክሯል። ያን ሁሉ የተከራከረው ሩቁን ሰው ለአንባቢዎቹ ለማቅረብ ነው። በካርቱም ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ድካም አያስፈልገውም። ለእርሱ ሩቁ ሰው ስም አለው፤ ማታ ይደውላል፤ የታናሽ እኅቱን የትምህርት ክፍያ ወይም የእናቱን መድኃኒት ይነግረዋል። የእርሱ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ግዴታው የት ላይ እንደሚያበቃ የሚነግረው የለም። ሁሉን የላከ ሰው በባዶ ክፍል ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ ሲቀር፣ ከጊዜ በኋላ መላኩም ምሬት ይሆንበታል። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ላክ ብሎ መፍረድ ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም። ትክክል የሚሆነው ልዩነቱ የማን እንደሆነ ሱቅ ከመግባት በፊት መወሰኑ ነው። ለመድኃኒት የተባለ ገንዘብ በኪስ ይዞ ኦሌድ ፊት የቆመ ሰው እየመረጠ አይደለም፤ የሌላውን አደራ እየበላ ነው። አደራ የሌለበት ትርፍ ያለው ግን ውዱን ቢገዛ የሚወቅሰው ሊኖር አይገባም።

በአንድ ሁኔታ ደግሞ ውዱ ከመካከለኛው ይልቅ ልከኛ ይሆናል። ኳስ ሲኖር አርባ ሰው የሚታጨቅበት ቡና ቤት ትልቅና ብሩህ ቴሌቪዥን ቢገዛ ዋጋው ለአርባ ጥንድ ዓይን ይካፈላል። አገር ቤትም ቢሆን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት የሰፈር ልጆች ሁሉ ሳሎን በነበረበት ዘመን ያደጉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ሳይማሩት ያውቁታል።

የካርቱም ሰው ሌላም መከራከሪያ አለው፤ እርሱም በቀላሉ አይረታም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2021 የሱዳን መንግሥት የዶላርን ይፋዊ ምንዛሪ ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ፓውንድ አወጣው። ቆጥቦ በፓውንድ ያስቀመጠ ሰው ቁጠባው ሲቀልጥ አየ፤ ገንዘቡን ወደ ዕቃ የለወጠ ግን ዕቃው በእጁ ቀረ። በዚያን ጊዜ ውዱን ቴሌቪዥን የገዛ አባካኝ ሳይሆን ብልኅ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ባንኩን ነው። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ባንኩን በመኪና ጭነው የሚወስዱ መጡ። ከዚህ በመነሣት ብልኅነቱን ሞኝነት ነበር ማለት አይቻልም፤ ማንም ያን አስቀድሞ አላወቀውም። ቢያንስ ግን ዛሬ ዕቃ መግዛት ቁጠባ ነው የሚለው ማመካኛ በዚያች ከተማ እንደ ቀድሞው አይጸናም።

ከሁሉ የሚከብደው ምርጫ ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። የዝርፊያ ዕቃ በጦርነቱ ጊዜ በየገበያው ተቸርችሯል፤ ሕዝቡም እነዚያን ገበያዎች በተዋጊዎቹ አዛዥ ስም «የደገሎ ገበያ» ብሎ ጠርቷቸዋል። በዚያ መንገድ የወጣ ውድ ቴሌቪዥን ከአዲስ መካከለኛ ባነሰ ዋጋ ሊቀርብ ይችላል። ያን ጊዜ የመደርደሪያው፣ የብርሃኑና የነጥቦቹ ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል፤ ውዱ ርካሽ ሆኗልና። ደረሰኝ የለውም፤ ሪሞቱም ጠፍቷል ይባላል። ገዢው ለራሱ የሚነግረው ምክንያት የታወቀ ነው፤ እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል፣ ባለቤቱም ከእንግዲህ አያገኘውም፣ የእኔስ ተዘርፎ የለም ወይ? የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል፤ እውነትም ነው። የእርሱም ቴሌቪዥን ምናልባት በዚህ ሰዓት በሌላ ከተማ፣ ይህንኑ ምክንያት ለራሱ በነገረ ሰው ሳሎን ውስጥ እየታየ ነው።