የጉጉት ጩኸትና የእኛ ዝምታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት! በዚህ እትም አንድ ጥያቄ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ሰው አንድን ነገር ክፉ ምልክት ነው ብሎ ሲፈራ፣ በእርግጥ የሚፈራው ምልክቱን ነውን? ወይስ በምልክቱ አሳብቦ ሊሸሸው የሚሻው ሌላ ነገር አለው? ይህን ጥያቄ ያገኘነው ከአዳራሻችን ጓሮ ነው።

ጓሮውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ተደባልቀው ቀን እንኳ ጥላ ይበዛበታል። በብዙው የሀገራችን ክፍል የጥንቱ ዛፍ ተመንጥሮ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ተርፎ ይገኛል፤ መጠጊያ ያጣ ፍጥረትም ወደዚያው ይሰበሰባል። በ2017 ዓ.ም. በዘመነ ጽጌ፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ሳምንታት፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌት ለመቆም ስንሰበሰብ ከዚያ ጓሮ ልብ የሚሰነጥቅ ጩኸት ሰማን። የእጅ ባትሪ ብናበራ፣ ፊቱ ነጭ፣ ቅርጹም የልብ ሥዕል የመሰለ ጉጉት ከአሮጌው ወይራ ላይ ሆኖ ቍልቍል ይመለከተናል።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት እናት ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ታመው ተኝተው ነበር። ሁላችንም «እማማ» እያልን እንጠራቸዋለን። ወሬው ወዲያው ሰፈሩን አዳረሰ፤ «ጉጉቱ እሳቸውን ሊጠራ መጣ» ተባለ። ዛፉን በጭስ እንድናጥን፣ ገደ ቢሱን ወፍ በድንጋይ እንድናባርር የለመኑን ጎረቤቶች ነበሩ። ከእኛም አንዱ ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ፤ ሳተው። ሌሎቻችን ቆመን አየን እንጂ አልከለከልነውም። ይህን ሳንደብቅ እንጽፋለን።

የኔታ ይህን አይተው አልተቈጡም። «በምን አጠፋ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። መልስ አጣን። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት እንመርምር ብለን በየቅዳሜው ምሽት ተራ እየገባን ጓሮውን ለመመልከት፣ ያየነውንም በደብተር ለመጻፍ ተስማማን።

ከመጻሕፍት ያነበብነውንና በዓይናችን ያየነውን አንድ ላይ ብናስተያየው ብዙ የሚያስፈራን ነገር ምክንያቱ ተገለጠልን። ጉጉት ሲበር ድምፅ የማይሰማው መንፈስ ስለሆነ አይደለም፤ የላባው ጠርዝ እንደ ዘርፍ የላላና ለስላሳ ሆኖ ነፋሱን ስለሚያበርደው ነው። አንገቱን ወደ ኋላ የሚያዞረው ዓይኖቹ በጕድጓዳቸው ውስጥ መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ነው፤ እስከ 270 ዲግሪ ድረስ ይዞራል። ሰፊው ፊቱ ድምፅን ሰብስቦ ወደ ጆሮዎቹ ያደርሳል፤ የዚህኛው ዓይነት ጉጉት ጆሮዎችም አንዱ ከሌላው ከፍ ያለ ስለሆነ በፍጹም ጨለማ እንኳ ድምፅ ብቻ ሰምቶ አይጥ ይይዛል። በወይራው ፍልፍል ውስጥ የሚሰማውና «ጋኔን ያንኰራፋል» የተባለው ድምፅም የጫጩቶቹ ነበር። ሊቃውንት እንደሚሉት በእነዚህ ጉጉቶች ዘንድ ታላቁ ጫጩት ከምግቡ ለታናሹ የሚያካፍልበት ጊዜ አለ።

ከዛፉ ሥር ጉጉቱ የተፋቸውን ጥቋቍር እንክብሎች አገኘን። በእንጨት ብንፈለፍላቸው ጠጕርና አጥንት ናቸው፤ በአንዱ ውስጥ ብቻ ሦስት የአይጥ የራስ ቅል ቈጠርን። የዕቃ ቤቱን አልባሳትና መጻሕፍት የሚበሉት አይጦች ሌሊት ሌሊት የሚታደኑት በማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን።

እዚህ ላይ አንዱ ጓደኛችን «እንግዲያውስ ይጠቅመናልና ይኑር» አለ። ሌላዋ እኅታችን ግን «ባይጠቅመንስ ኖሮ ልንወግረው ይገባን ነበርን?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ጉጉትም በዕለተ ሐሙስ ከተፈጠሩት አዕዋፍ አንዱ ነው፤ ፈጣሪውም ሥራውን መልካም እንደሆነ አይቷል። በኦሪት ዘሌዋውያን ጉጉት ከማይበሉት አዕዋፍ ጋር ተቈጥሯል፤ እንዳይበላ ተከለከለ እንጂ እንዲወገር አልታዘዘም። የመኖር ፈቃዱን ከእኛ አልተቀበለምና በእኛ ጥቅም ልንሰፍርለት አይገባንም።

በሦስተኛው ሳምንት ከእኛ ሦስቱ እማማን ሊጠይቁ ገቡ። እውነቱን ለመናገር የሄዱት ስለ ጉጉቱ ሊነግሯቸውና እንዳይፈሩ ሊያጽናኗቸው ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሏቸው፦ «ልጆቼ፣ እሱን እንዳትነኩብኝ። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ከእኔ ጋር የሚነቃ እሱ ነው። ድምፁን ስሰማ ዳዊቴን አነሣለሁ፤ ዳዊትም በጭንቀቱ ጊዜ ራሱን በጉጉት መስሎ የለም?» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ጉጉቱስ ምንም አላደረገኝ። እሱ ከመጣ ወዲህ ሰው ቀረብኝ እንጂ» አሉ።

ወንድሞችና እኅቶች! ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ጎረቤቱ ሞት የቀረበበትን ቤት ፈርቶ እግሩን ሰብስቧል። እኛስ? ከወይራው እስከ እማማ ደጃፍ አርባ እርምጃ አይሞላም። ጉጉቱን ለመመልከት ሌሊቱን ብርድ ላይ ቆመን፣ ስለ ሟርት ከንቱነት ስንከራከር፣ ያን አርባ እርምጃ ሳንራመድ ሦስት ሳምንት አለፈን። ሟርት የሚያምነው ሰው በፍርሃቱ ቀረ፤ ሟርት የማናምነው እኛ ደግሞ በዕውቀታችን ቀረን። ለታመመችው እናት ልዩነቱ ምንድን ነው?

ከዚያች ቀን ጀምሮ በሳምንቱ ሌሊቶች ሁለት ሁለት እየሆንን ከእሳቸው ዘንድ ማደር ጀመርን። በአምስተኛው ሳምንት፣ በማክሰኞ ሌሊት፣ ሁለታችን አጠገባቸው ተቀምጠን ሳለ ዐረፉ። ጉጉቱ በዚያች ሌሊት እንደ ወትሮው ጮኾ ነበር። በቀብሩ ዕለት «አላልናችሁም?» ያሉን አልጠፉም። በደብተራችን የተጻፈውን አነበብንላቸው፤ ጓሮውን በተጠባበቅንባቸው የቅዳሜ ሌሊቶች ደጋግሞ ጮኾ ማንም አልሞተም፤ በእነዚያው ሳምንታት በሰፈሩ ሁለት እናቶች በሰላም ተገላግለዋል፤ ያን የጉጉት ገድ ነው ያለ ግን የለም። አንዳንዶቹ ሰሙን፣ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኛ ግን ከክርክሩ ይልቅ ሌላ ነገር ያዝን። ጉጉቱ ለተፈጠረለት ነገር ጮኸ፤ ጓደኛውን ጠራ፣ ጫጩቶቹን መገበ። በዚያ ሰፈር ከተፈጠረለት ነገር የጎደለ ፍጥረት ቢኖር ሰው ነበር። ጌታችን በፍርድ ቀን የሚጠይቀን የታመመውን መጠየቃችንን ነው እንጂ ሌሊት ምን ድምፅ እንደ ሰማን አይደለም። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጉጉት ሲጮኽ ስንሰማ «ማን ሊሞት ይሆን?» ማለቱን ትተን «በዚህ ሌሊት ብቻውን የነቃ ማን አለ?» ብለን እንጠይቅ።

በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ሕሙማንን የሚጠይቅ ተራ አውጥተናል፤ ስም ዝርዝሩ በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። ተራውን ያወጣነው እማማ ካረፉ በኋላ መሆኑ ያሳዝነናል። የወይራው ፍልፍል ግን ማንም አልነካውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።