ባዶዋ መንደር

«ስካይሪም» ውስጥ አንድ ዋሻ ገብቼ ሽፍቶቹን አንድ በአንድ ጨረስኳቸው። ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን የብር ጽዋም ይዤ ወጣሁ። በጌሙ አቆጣጠር ወር አልፎ ስመለስ ሽፍቶቹ በየቦታቸው ቆመዋል፣ እሳቱ ይነድዳል፣ ጽዋዋም ጠረጴዛው ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ይህ ጌም የተሠራው እንዲህ ነው፤ የተጸዳ ዋሻ ከ30 ቀን በኋላ ራሱን መልሶ ይሞላል። መቶ ሰዓት የሚጫወት ሰው የሚሄድበት እንዳያጣ መሆኑ ይገባኛል። ጽዋዋን ሳያት ግን ቅር አለኝ። እዚያ ደርሼ እንደነበር የሚያውቅ ማንም የለም።

ተጫዋቹ የሚያደርገው ነገር ዓለሙን በእውነት ይለውጠዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ሞሮዊንድ» ማንንም ሰው መግደል ይፈቅዳል፤ ታሪኩ ያለ እሱ የማይቆመውን ሰው ጭምር። ከገደልነው የትንቢቱ ክር መበጠሱን ይነግረንና፣ ወደ ኋላ መመለሱን ወይም በተበላሸው ዓለም መቀጠሉን ለእኛው ይተወዋል። በኋለኞቹ ጌሞች እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲመቱ በጉልበታቸው ይወድቁና ይነሣሉ። ተጫዋቹን ከስህተት ለመጠበቅ ነው፤ እኔ ግን እንደ ጉድለት ነው የማየው። ማበላሸት በማልችልበት ዓለም ውስጥ እንግዳ ነኝ።

«ዊቸር 3» ላይ፣ ረግረግ መሀል ዳውንዋረን የምትባል መንደር አለች። ኮረብታው ሥር ዛፍ ውስጥ የታሰረች መንፈስ ፍታኝ ትላለች፤ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ከረግረጉ ሦስት ጠንቋዮች አድናለሁ ብላ ቃል ትገባለች። አጥንቷን፣ የቁራ ላባና ያልተገራ ጥቁር ፈረስ ፈልጌ ፈታኋት። ቃሏን አከበረች፤ ልጆቹ ዳኑ። መንደሯን ግን ፈጀቻት። ረግረጉ ውስጥ ልጆቹን ትጠብቅ የነበረችው የአካባቢው ገዥ የባሮኑ ሚስትም ሞተች፤ እሱንም በገዛ ግቢው ዛፍ ላይ ራሱን ሰቅሎ አገኘሁት። መንፈሷን ባልፈታት ኖሮ ልጆቹ ያልቁ ነበር፤ ባሮኑ ግን አእምሮዋን የሳተች ሚስቱን ይዞ ፈውስ ፍለጋ ይሄድ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ መዘዙ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ዛፉ ሥር ስወስን የመሰቀያው ገመድ በሐሳቤም አልነበረም። ሳውቀው ደግሞ የድሮው ሴቭ ብዙ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እዚያ ብመለስ መሀል ላይ ያገኘኋቸው ሰዎችና የሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ ይጠፋሉ። በ«ፎልአውት 3» ሜጋተን የተባለችውን ከተማ በአቶሚክ ቦምብ ማፈንዳት ይቻላል፤ ለውጡ ግዙፍ ነው፣ ነገር ግን ቁልፉን የሚጫነው ሰው የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቀዋል። እኔ ዛፉ ሥር የቆምኩት ልጆችን ላድን ብዬ ነበር።

ሴቩን አልመለስኩም። አንድ ምሽት በዳውንዋረን በኩል ሳልፍ ፈረሴን አቆምኩ። ከዚህ ቀደም ያነጋገሩኝ ሰዎች አንዳቸውም የሉም። ጌሙ አልወቀሰኝም፣ ነጥብም አልቀነሰብኝም። ጥቂት ቆየሁና፣ ልጆቹ በሕይወት አሉ፣ ልጆቹ በሕይወት አሉ እያልኩ መንገዴን ቀጠልኩ።