መቀናጆ

በአንድ የደጋ መንደር ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ገቡ። ለማያውቅ የከተማ ሰው፣ አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሰዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በተራ የሚያርሱበት ስምምነት ነው። የአንደኛው በሬ ጉልበታም ነው፤ ሞፈሩም፣ ቀንበሩም፣ ማረሻውም የእሱ ነው። ሁለተኛው ያለው አንድ ወይፈን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያማረ ነበር። ባለ ወይፈኑ በማለዳ እየነዳ ይመጣል፤ የባለ ሞፈሩ ቤት ቡናና ቆሎ አይጠፋም። ተራ ሲባል ግን፣ ዝናቡ መሬቱን ልክ ባራሰበት ቀን ሁሉ የሚታረሰው የባለ ሞፈሩ ማሳ ነው። የባለ ወይፈኑ ተራ የሚደርሰው አፈሩ ሲጨቀይ ወይም ሲደርቅ ነው። ያየዋል፤ አይናገርም።

አንድ ዓመት ውርጭ ወርዶ የአገሩን ገብስ በአበባው መታው። የተረፈችው የባለ ወይፈኑ እርሻ ጥግ ላይ ያለች ቁራሽ ማሳ ብቻ ነበረች። የተዘራባት እናቱ አመድ ነስንሳ በቅል ያኖረችው ጥቁር ገብስ ነው። ባለ ሞፈሩ ማሳው ዳር ቆመ፤ አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ አሸው፣ ገለባውን እፍ አለና ፍሬውን ቆረጠመው።

“ከዚህች ላይ አንድ ቁና ትሰጠኛለህ?”

ሰጠው። ምን ይመለሳል፣ ለማን ይተርፋል የሚል ቃል በመሃላቸው አልወጣም።

ሦስት ክረምት አለፈ። ጥቁሩ ገብስ በባለ ሞፈሩ ሰፊ ማሳ በዝቶ ገበያ ወጣ፤ ነጋዴዎችም በእሱ ስም ይጠሩት ጀመር። በአራተኛው ዓመት የባለ ወይፈኑን ቤት እሳት በላው፤ ቅሉም አብሮ ነደደ። ዘር ፍለጋ ወደ ባልንጀራው ሄደ።

“እሰጥሃለሁ” አለው ባለ ሞፈሩ፤ “ዋጋው ግን የገበያው ነው።”

ሽማግሌ ተቀመጠ። ባለ ሞፈሩ ሳያፍር ተናገረ፤ ደግሞም አልዋሸም። “ያረስኩት እኔ፣ ያረምኩት እኔ፣ ያበዛሁት እኔ፣ ከገበያ ያስተዋወቅሁት እኔ። ሌላ ቃል ገብቼለት ከሆነ ይናገር።”

“አልገባልኝም” አለ ባለ ወይፈኑ።

“ታዲያ ስትሰጠው ለምን አልጠየቅኸውም?” አሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

“አባቴ፣ ቀንበሩ የእሱ ነው። ጠይቄው ቅር ቢለው ይተወኛል። ወይፈኔ ብቻውን አያርስ።”

ሽማግሌው ወደ ባለ ሞፈሩ ዞሩ። “አንተስ? አንተ ብትጠይቀው ኖሮ ማን ይተውህ ነበር?”

መልስ አልነበረውም። አንድ ዳውላ ገብስ ያለ ዋጋ እንዲሰጥ፣ የእርሻው ተራም ከክረምት በፊት በሰው ፊት እንዲቆረጥ ተፈረደ። ስለ ገብሱ ስም ግን ምንም ማድረግ አልተቻለም፤ ገበያው ለምዶታል።

ለዩኒቨርሲቲዎች ዓለም አቀፍ ትብብር የሥነ ምግባር መርሕ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ የሽማግሌው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አዩ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በደረሰበት ውሃ ውስጥ፣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ከዚያ የተነሣው ምርምር ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ይኸንኑ እንዶድ ዜብራ መስል በሚባለው፣ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ የውሃ ቧንቧ በሚደፍነው ቅርፊታም እንስሳ ላይ ለማዋል ፓተንት አወጣበት። አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ተብለው ተመዝግበዋል፤ የባለቤትነት መብቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ሆነ። ወንዝ ዳር የነበሩት ሴቶች በፓተንቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ቶሌዶን ሌባ አልለውም፤ ባለ ሞፈሩም ሌባ አልነበረም። ሁለቱም የፈለጉትን ያገኙት ማንም ሳይከለክላቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሞንትሪያል ላይ የወጣው የምርምር ታማኝነት መግለጫ፣ የተለያየ አገር ተመራማሪዎች ገና ሲጀምሩ ስለ መረጃ፣ ስለ ደራሲነትና ስለ አእምሯዊ ንብረት እንዲስማሙ ይጠይቃል። ከ2022ቱ የኬፕ ታውን ጉባኤ የተወለደው መግለጫ ደግሞ ፍትሐዊነትን በስሙ ጠርቶ አንሥቶታል። ጥሩ ነው። “ይስማሙ” ማለት ግን ወሬውን ማን ይጀምረው ለሚለው መልስ አይሆንም። የገንዘብ ማመልከቻው ነገ ይዘጋል፤ የስምምነቱ ረቂቅ ማታ በኢሜይል ይደርሳል። የጎንደሩ ወይም የጅማው ተመራማሪ “የደሙ ናሙና ፍሪዘራችሁ ውስጥ ስንት ዓመት ይቀመጣል? ሌላ ጥናት ቢሠራበት እኛን ማን ይጠይቀናል?” ብሎ መልሶ ይጽፋል? የሚጽፍ አይጠፋም። አብዛኛው ግን ፈርሞ ይልካል፤ ኬሚካል አልቆባቸው ሥራቸው የቆመ የማስተርስ ተማሪዎች አሉበት።

ስለዚህ መርሑ ሁለቱን ወገኖች እኩል ቢያዝ እኩል አይደርስም። ገንዘቡንና መሣሪያውን ያመጣው ወገን ያልተጠየቀውን ቀድሞ ይናገር፦ ናሙናው የት እንደሚሄድ፣ መረጃው በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ፓተንት ቢመጣ ድርሻው እንዴት እንደሚከፈል። ገንዘብ ሰጪዎችም ረቂቁ ለአቅመ ቢሱ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲደርስ ያስገድዱ፤ ረቂቁን የሚያይለትን፣ እሱ ራሱ የመረጠውን የሕግ ባለሙያ ክፍያም ከጅምሩ በጀቱ ውስጥ ያስገቡት።