ጌታ የማይቆጣበት ሜዳ

በጨዋታ ሜዳ ላይ የሚጠበቅ ጨዋነት ከሥነ ምግባር ጥያቄዎች መካከል ቀላሉ ይመስላል፤ ነገር ግን አክብሮት ከማን ለማን እንደሚሰጥ፣ ዋጋውስ ከምን እንደሚመነጭ አጥብቆ ለሚጠይቅ ሰው፣ በላሊበላና በላስታ ደጋ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የሚከበረው የልደት በዓል ከነጨዋታው ሰፊ መመርመሪያ ይሆነዋል።

ገና ማለት ጫፉ በተቆለመመ ዱላ፣ ሩር የምትባለውን ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተጎነጎነች ድቡልቡል ነገር እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ግብ የሚያደርሱበት ጨዋታ ሲሆን፣ ትውፊቱ የጌታን ልደት የሰሙ እረኞች በበትራቸው ከገለጹት ደስታ ጋር ያያይዘዋል። በደጋው የዕለት ኑሮ ታናሽ ለታላቁ ከመቀመጫው ይነሣል፣ በአንቱታ ያናግረዋል፣ መንገድም ይለቅለታል፤ ሩሯ ሜዳ ላይ ከወደቀች በኋላ ግን፣ በጌታና በሎሌ ዘመን፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ የሎሌው ምት የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው፣ ጌታው ሕመሙን ውጦ ከመቀጠል በቀር በማዕረጉ ሊመካ አይችልም ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀ አባባልም ይህንኑ ያጸናል።

ይህ ልማድ የጨዋነት መቋረጥ ነው ወይስ ጥልቁ መልኩ? ከታች ወደ ላይ የሚሰጥ አክብሮት ከፍርሃት ወይም ከጥቅም ሊመነጭ ስለሚችል የሰጪውን ልብ አያስረዳም። ሊበቀል የሚችል ሰው በትሩን ሲያወርድ የሚታየው ትዕግሥት ግን ከራሱ ፈቃድ በቀር አስገዳጅ የለውም፤ ስለዚህ የጨዋነት እውነተኛ መለኪያ ይህኛው ነው። በቴኒስም ተመሳሳይ ነገር ይገኛል፤ በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ዳኛ በሌለበት ግጥሚያ እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ በኩል ያረፈችው ኳስ ከመስመር መውጣት አለመውጣቷን ወዲያውኑ የሚናገረው ራሱ ሲሆን፣ ከተጠራጠረ የጥርጣሬው ጥቅም ለተጋጣሚው ይሆናል፤ ማለትም ኳሷ እንደገባች ትቆጠራለች። በሁለቱም ሜዳ ሥልጣን ያለው ሰው በሥልጣኑ በራሱ ላይ እንዲፈርድ ይጠየቃል።

ላስታ ለዚህ ሐሳብ ሃይማኖታዊ መሠረቱን በዚያው ዕለት ታቀርባለች። በላሊበላ፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከፊሎቹ በዓለቱ አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ» የተባለውን ዝማሬ ይቀባበላሉ፤ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች ምሳሌ ተደርገው ይተረጎማሉ። በዓሉ የምስጢረ ሥጋዌ፣ ማለትም አምላክ ሰው የሆነበት ምስጢር መታሰቢያ ስለሆነ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ማለቱ የዕለቱ ዋና ትምህርት ነው። ልደቱ በዚሁ ቀን የሚታሰበው የንጉሥ ላሊበላ ገድልም፣ ወንድሙ ሐርቤ ዙፋኑን እንደለቀቀለት ይተርካል፤ የላስታ ሰው ስለ ትሕትና ሲያስብ የንጉሥ ዙፋን መልቀቅ ወደ አእምሮው መምጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

የአንድ ከሰዓት ነፃነት የጌታና የሎሌን ሥርዓት አላፈረሰም፣ እንዲያውም ብሶቱን አስተንፍሶ አቆይቶታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው፤ ከጨዋታው በኋላ አሸናፊዎች በግጥም የሚሰነዝሩት ስድብም በቀጣዩ ቀን ቢደገም ይቅርታ የሚያገኝ አይደለም። ሆኖም ተቃውሞው አንድ ትልቅ ነገር ይዘነጋል፦ ታኅሣሥ 29 ቀን ቁጣውን የዋጠ ጌታ፣ በ30ኛው ቀን ቁጣዬ ከአቅሜ በላይ ነበር ብሎ ሊከራከር አይችልም። መታገሥ እንደሚቻለው በሰው ሁሉ ፊት አሳይቷልና፣ ከዚያ ወዲያ የሚቆጣው በምርጫው ነው። በዱላ ሰበብ የቆየ ቂሙን የሚወጣ ተጫዋችም በዚሁ ሚዛን ይዳኛል፤ የጌታው ትዕግሥት ለሎሌው ተንኮል ሽፋን እንዲሆን አልተሰጠምና።

ዛሬ ገና ከባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ በተጻፈ ደንብና በዳኛ ይካሄዳል፤ ይህም ጉዳትን ስለሚቀንስ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ ፍርዱን ሁሉ ለፉጨት ከተወ በራሱ ላይ መፍረድን ይረሳልና፣ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ ሁሉ ከደንቡ ጋር ይህን አለመቆጣትም ሊያስተምሩ ይገባል።