በዓሉን የሚሸከመው ማን ነው?



እግዚአብሔር በሙሴ አማካይነት ለሕዝቡ በዓላትን ሠራላቸው፤ ቀኑን ወስኖ፣ መሥዋዕቱን ለክቶ፣ ማንም ባዶ እጁን በፊቱ እንዳይታይ አዘዘ። ይኸው እግዚአብሔር በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ደግሞ የሕዝቡ በዓላት ሸክም እንደ ሆኑበትና እንደ ሰለቹት ተናገረ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው፣ እግዚአብሔር ራሱ የሠራው በዓል እንዴት መልሶ ሸክም ሆነበት ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነቢዩ መልሱን አይሸሽግም። በዓሉ ተቋርጦ አልነበረም፤ መሥዋዕቱ በዝቶ፣ ዕጣኑ ጢሶ፣ አደባባዩ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ነገር ግን የድኻ አደጉ ፍርድ ተጓድሏል፤ የመበለቲቱም አቤቱታ ሰሚ አላገኘም።

ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ ወደ ስፔን እንሄዳለን። ስለ ሩቅ ሀገር ልማድ መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በበዓላቱ ብዛትና ድምቀት እንደ ስፔን የታወቀ የካቶሊክ ሕዝብ ጥቂት ነው፤ ይህ ድምቀትም ዛሬ በብርቱ ፈተና ላይ ይገኛል። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በደቡብ ስፔን በምትገኘው በሴቪያ ከተማ፣ ከሆሣዕና እስከ ትንሣኤ ባሉት ቀናት፣ ከ60 የሚበልጡ መንፈሳውያን ማኅበራት በየተራቸው ከየቤተ ክርስቲያናቸው እየወጡ ወደ ካቴድራሉ ዑደት ያደርጋሉ። ለአንዳንዶቹ መሄጃውና መመለሻው ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ብዙዎቹ ማኅበራት ሁለት ታላላቅ የእንጨት መድረኮችን ይዘው ይወጣሉ፤ በአንደኛው ላይ የጌታችን ሕማም፣ በሁለተኛው ላይ በድባብ ሥር፣ በሻማ ተከባ፣ እንባዋ በጉንጯ ላይ የወረደ እመቤታችን ትታያለች። ከምስሎቹ አያሌዎቹ የ17ኛው መቶ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ኁዋን ደ ሜሳ የተባለው ቀራጺ በ1620 የሠራው፣ መስቀሉን ተሸክሞ የሚራመደው የኢየሱስ ምስል፣ እስከ ዛሬ ድረስ በስቅለት ዓርብ ንጋት በከተማይቱ ጎዳናዎች ያልፋል።

ከመድረኮቹ ፊት የማኅበሩ አባላት ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን በሾጣጣ ቆብ ሸፍነው፣ ሻማ ይዘው ይጓዛሉ። ይህን ቆብ በፎቶግራፍ የሚያይ የሀገራችን ሰው ሳይደነግጥ አይቀርም፤ በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብን ያሳድዱ የነበሩትን ጭንብል ለባሾች ያስታውሰዋልና። የስፔኑ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም የንስሐ ልብስ ነው። ፊት የሚሸፈነው ንስሐ የሚገባው ሰው ማን እንደ ሆነ ታውቆ ከሰው ምስጋናን እንዳይቀበል ነው። ጌታችን ስለ ጾምና ስለ ምጽዋት በስውርነት ያስተማረውን የሚያስታውስ ሁሉ የልብሱን ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም።

እኛን ይበልጥ የሳበን ግን የሚታየው ነገር አይደለም። መድረኩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሞተር የለውም፤ የሚራመደው በሰው እግር ነው። በዙሪያው እስከ መሬት በተዘረጋው መጋረጃ ውስጥ እንደ መድረኩ ስፋት ሠላሳም አርባም የሚሆኑ ሰዎች ተደርድረው፣ ጨርቅ በራሳቸው ላይ ጠቅልለው፣ ክብደቱን በማጅራታቸው ይሸከማሉ። ስማቸው ከዚሁ ጨርቅ ተወስዶ «ኮስታሌሮ» ይባላሉ። ከተማው ሁሉ የሚመለከተውን ምስል እነርሱ አያዩትም፤ የሚያዩት ከፊታቸው ያለውን ሰው ተረከዝ ነው። መሪያቸው ከውጭ ሆኖ በመድረኩ ላይ የተተከለውን መዶሻ ሲመታ በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ፤ ሲመታም ያሳርፋሉ። አንዱ ቢዘገይ የእርሱ ድርሻ በጎረቤቱ አንገት ላይ ይወድቃል።

ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ይሠሩ የነበሩት የማኅበራቱ አባላት አልነበሩም። በወደብና በገበያ በሸክም የሚተዳደሩ ድኾች በደመወዝ ይቀጠሩለት ነበር። አባላቱ በጌጠኛ ልብስ ከፊት ሲሄዱ፣ የቀን ሠራተኛው ከመጋረጃው ሥር ያልብ ነበር። በ1973 ግን የተማሪዎች ማኅበር እየተባለ የሚጠራው የሴቪያ ማኅበር የራሱን አባላት ከመድረኩ ሥር አስገባ፤ ሌሎቹም ከጊዜ በኋላ ተከተሉት። ዛሬ በብዙ ማኅበራት ለመሸከም የሚሰለፈው ሰው ከሚፈለገው ቍጥር ይበልጣል። የቀድሞዎቹ ተሸካሚዎች ለደመወዝ ስለ ሠሩ እምነት አልነበራቸውም ማለታችን አይደለም፤ ልብን የሚመረምረው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ምናልባትም ከእነርሱ መካከል ከፊት ከሚሄዱት ይልቅ የጸለዩ ነበሩ። ነገር ግን ሌላውን ሰው ከፍሎ ያሸክም የነበረው ወገን ራሱ ጎንበስ ብሎ ከሸክሙ ሥር መግባቱን እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አንችልም።

የጌታችንን መስቀል የተሸከመው ስምዖንም የቀሬና ሰው፣ ዛሬ ሊቢያ ከምንላት የአፍሪካ ምድር የመጣ ነበር። ተገድዶ ተሸከመ እንጂ ፈቅዶ አልነበረም። ወንጌላዊው ማርቆስ ግን የልጆቹን የእስክንድሮስንና የሩፎስን ስም ይጠራል፤ በመጀመሪያዎቹ ምእመናን ዘንድ የታወቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ይመስላል። ያ ሸክም በቤቱ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።

በሴቪያም የአፍሪካውያን ሸክም ታሪክ አለ፤ ሳናነሣው ብናልፍ በደል ይሆንብናል። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሊቀ ጳጳሱ ጎንሳሎ ደ ሜና በከተማይቱ ለነበሩ ጥቁሮች መጠለያና ሕክምና የሚሰጥ ቤት አቋቋመ። ከዚያ ቤት የጥቁሮች ማኅበር በቀለ፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም በባርነት ያሉና ነጻ የወጡ አፍሪካውያን በአንድነት ሲጸልዩበት፣ ሙታናቸውን ሲቀብሩበት፣ በሕማማትም ዑደት ሲያደርጉበት ኖሩ። የማኅበሩ ታሪክ እንደሚያስታውሰው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ከአባላቱ መካከል ነጻ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ ለእመቤታችን ንጽሕት ፅንሰት በዓል የሚሆን ገንዘብ ባጡ ጊዜ፣ ለበዓሉ ወጪ ብለው የገዛ ነጻነታቸውን ለሽያጭ አቀረቡ።

ይህን ስናነብ መደነቅና ኀዘን ይቀላቀሉብናል። የእነዚያ ሰዎች ፍቅር ከማንም የወርቅ ድባብ ይበልጣል። ነገር ግን ሰው ነጻነቱን አውጥቶ ቢሸጥ ገዢ የሚያገኝባት ከተማ፣ ገዢውም ሻጩም በአንድ ጥምቀት የተጠመቁባት ከተማ፣ በጸሎተ ሐሙስ ማታ በዚያው ጎዳና ላይ አብራ ታለቅስ ነበር። ዑደቱ ከጌታው ደጃፍ ፊት አልፎ ይሄዳል፤ በማግስቱም ባሪያው ባሪያ ሆኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኢሳይያስ የተናገረው ስለዚህ ዓይነቱ በዓል ይመስለናል። ማኅበሩ ግን አልጠፋም፤ ዛሬ አባላቱ በአብዛኛው ነጮች ሲሆኑ፣ የጥንት ስሙን እንደ ያዘ በጸሎተ ሐሙስ ይወጣል።

ሌሎቹን በዓላት በአጭሩ እንለፋቸው። በፓምፕሎና ከሐምሌ 6 እስከ 14 የሚከበረው የቅዱስ ፌርሚን በዓል በዓለም ዘንድ የሚታወቀው በኮርማዎቹ ሩጫ ነው፤ ከ1910 ወዲህ 16 ሰዎች በዚህ ሩጫ ሞተዋል። ሯጮቹ ከመነሣታቸው በፊት በግድግዳ ላይ ለተቀመጠች አነስተኛ የቅዱሱ ምስል በዜማ ይማጸናሉ፤ ከሩቅ ከመጣው ጎብኚ ግን ቅዱሱ ማን እንደ ነበር የሚያውቀው ስንቱ ነው? ቤተ ክርስቲያን ለልማድ ሁሉ ቡራኬ ትሰጣለች ብሎ የሚያስብ ካለም፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ በ1567 የኮርማን ትግል በውግዘት መከልከላቸውን ያስታውስ። ልማዱ ከውግዘቱ በርትቶ፣ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1575 ለምእመናን ክልከላውን አላሉት። በቫሌንሲያ ደግሞ ለአናጢዎች ጠባቂ ለቅዱስ ዮሴፍ ክብር፣ ወራት የተደከመባቸው ታላላቅ ሐውልቶች በመጋቢት 19 ሌሊት ይቃጠላሉ። በዚያው ሰሞን ሕዝቡ «የተጣሉት እናት» ለምትባለው እመቤታችን በሁለት ቀን ውስጥ እጅግ ብዙ አበባ ያቀርባል፤ ከእሳቱ ይልቅ ይህን ብናይ እንመርጣለን።

ፈተናውስ የት ላይ ነው? በ1970ዎቹ ከአሥር ስፔናውያን ዘጠኙ ያህል ራሳቸውን ካቶሊክ ብለው ይጠሩ ነበር፤ ዛሬ ይህን የሚሉት ከግማሽ ብዙም አይዘሉም፤ እሑድ እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱት ደግሞ ከዚያ እጅግ ያንሳሉ። ጎዳናው ግን በሕማማት ሳምንት እንደ ወትሮው ሙሉ ነው። በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት በሴቪያ አንድም መድረክ ሳይወጣ ቀረ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ሻማው ሳይበራ፣ ለሚመለከት ሰው ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ማኅበራቱ ግን ለድኾች የሚያውሉትን ገንዘብና ምግብ ይዘው ሥራ የፈቱ ቤተሰቦችን ይረዱ ነበር። በዓሉ ሳይታይ የቀጠለው በእነዚህ እጆች ነው።

ለእኛ ይህ ጉዳይ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በማድሪድ አቅራቢያ የተወለደው ኢየሱሳዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ሀገራችን ገብቶ፣ ቋንቋችንን ተምሮ፣ በትዕግሥት አስተምሮ በ1622 በጎርጎራ አረፈ። እርሱን የተከተለው ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የሕዝቡን ጥምቀት፣ ክህነት፣ ጾምና የበዓላት አቈጣጠር በላቲን ሥርዓት ለመለወጥ ቸኰለ። ደም ፈሰሰ፤ በ1632 አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ። የእምነት ሸክም በሕዝብ ላይ በአዋጅ ሲጫን ምን እንደሚከተል ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አያስፈልገንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ቤተ ክርስቲያን በሥርዓተ አምልኮ አንድ ዓይነት ቅርጽ በግድ መጫን እንደማትፈልግ ደንግጓል። ስለዚህ በየቁምስናችን የሴቪያን ቆብና ድባብ እንድንገለብጥ አይደለም ይህን የጻፍነው።

ነገር ግን እኛም ንግሥ አለን። በንግሥ ዕለት ግቢው ይሞላል፤ በሚቀጥለው እሑድ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ቆሞስ የለም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሕፃናቱን ለንግሥ በዓል ስታዘጋጁ መዝሙሩንና ሰልፉን ብቻ አታስጠኑአቸው። በዋዜማው ወደ ማድ ቤቱ ውሰዱአቸው፤ እንጀራ የሚጋግሩትን እናቶች፣ ውኃ የሚቀዱትን፣ ግቢውን የሚጠርጉትን፣ በማግስቱም ቆሻሻውን የሚያነሡትን በስማቸው ያስተዋውቋቸው። ከዚያም ሕመም በቤቱ ያስቀረውን ሽማግሌ ፈልገው የበዓሉን ዳቦ ያድርሱለት።

በየቁምስናችሁ በዓሉን ከመጋረጃው ሥር ሆነው የሚሸከሙት እነማን እንደ ሆኑ፣ ስንት ዘመን እንደ ተሸከሙና አሁን የሚተካቸው ሰው ስለ መኖሩ ጽፋችሁ ብትልኩልን፣ በሚቀጥለው እትማችን ቦታ እንሰጠዋለን።