«ቢጭኑት አህያ»፦ ኮልፌ የሚሞግተው ተረት

በቅርቡ ኮልፌ ውስጥ አንዲት የሰፈራችንን ልጅ ለመሸኘት ተሰብስበን ነበር። ነርስ ናት፤ ውጭ አገር ሆስፒታል ተቀጥራ መሄዷ ነው። ቡናው ተጠጥቶ ምርቃቱ ሲያበቃ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነው። ቻይው» አሏት። ቤቱ በሙሉ «እውነት ነው» አለ። ልጅቷም አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተረቱ ጋር ሙግት ገጥሜያለሁ።

ትርጉሙ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በሰው አገር መብት የለም፤ ያዘዙህን ትሠራለህ፤ ክብርህ የሚመለሰው አንተ ስትመለስ ነው። የከነከነኝ ተረቱ የተነገረበት ሰፈር ነው። ኮልፌ ይህን አባባል ከሥሩ የሚፈትን እንግዳ አስተናግዳለችና።

በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ ገቡ። ጆሃንስበርግ ላይ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር የጥብቅና ቢሮ የከፈቱ የሕግ ሰው ናቸው፤ እዚህ የመጡት የማያውቁትን ሙያ፣ ወታደርነትን ሊማሩ ነበር። የያዙት ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው፤ የተጻፈበት ስም ደግሞ ዴቪድ ሞትሳማይ። በፖሊስ መኮንኑ በታደሰ ብሩ የበላይ ኃላፊነት ተኩስ፣ ፈንጂና የውጊያ ስልት ተማሩ።

ቃል በቃል ከሄድን ተረቱ ሠርቷል። ተጭነዋል፤ ጠመንጃና ጥይት ተሸክመው ረጅም የእግር ጉዞ አድርገዋል። ተለጉመዋል፤ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው ጠበቃ የመቶ አለቃ ትእዛዝ ተቀብለዋል። አህያ ግን አልሆኑም፤ ጭነቱን ፈልገው፣ ለምን እንደሚሸከሙት አውቀው መጥተዋል። ተረታችን የሚያየው ጫኙን ብቻ ነው። «ጫኑኝ፣ ልማር» ብሎ የሚመጣውን ሰው አያውቀውም።

ይበልጥ የሚፈርሰው «አገሩ እስኪመለስ» የሚለው ነው። ሥልጠናው 6 ወር እንዲወስድ ታስቦ ነበር፤ ሳይጨርሱት ግን የትግል ድርጅታቸው ጠራቸውና ተመለሱ። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ሆዊክ ከተማ አጠገብ ተያዙ። በጥቅምት 1955 ዓ.ም. 5 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከዚያ ውስጥ 2ቱ ዓመት ያለ ሕጋዊ ሰነድ ከአገር በመውጣታቸው የተቆረጠ ቅጣት ነበር። ሌላ ክስ ተጨምሮ እስሩ 27 ዓመት ዘለቀ። በሰው አገር ተከብረው የተማሩት ሰው ልጓም የገባባቸው በተወለዱበት ምድር ነው። መመለስ ብቻውን ክብር የሚሰጥ ከሆነ፣ እኒህን ሰው የት እናግባቸው?

ወዲህ ወደ ዘነበወርቅ ብንሻገር ደግሞ አለርት አለ። በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኖ ከተቋቋመ ወዲህ ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ሠርተውበታል። እነሱም ከአገራቸው የወጡ ናቸው። ይህን ተረት ለእነሱ የተረተ ሰው ግን አልሰማሁም፤ ሙያቸውንና ውላቸውን ይዘው እንደመጡ ሁሉም ያውቃልና።

ይህን ሁሉ ብዬም ተረቱን ውሸት ነው ብዬ አልጥለውም። በብዙ የዓረብ አገሮች በሚሠራበት የከፋላ ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ከወሰደባት የት ትሄዳለች? ይህ ልጓም ካልሆነ ሌላ ምን ልጓም አለ? ለእሷ «ቢጭኑት አህያ» የሚለው እንባ ያህል እውነት ነው። «አገሩ እስኪመለስ» የሚለው ግን እሷንም ይከዳታል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ ለጉዞው የተበደሩት ገንዘብም አገር ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። መመለስ ጭነታቸውን አላወረደላቸውም።

እንግዲህ ሰውን አህያ የሚያደርገው ርቀት ከሆነ የአለርቱ ሐኪምም በሆነ ነበር። ልዩነቱ ያለው ሰነዱ በማን እጅ እንደሆነና ሰውየው ሥራውን ዐውቆ መሄዱ ላይ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሥራ ውል በመንግሥት እንዲጸድቅ የሚያዝዘውም ለዚህ ነው። አዋጁ «ውል ያዢ» ይላል፤ ተረቱ «ቻይ» ይላል። እኔ በዚህ ከአዋጁ ጋር ነኝ።

ስለዚህ ተረቱን እንዲህ አርሜ እይዘዋለሁ፦ ውል ሳይዝ የወጣ ውሉን እስኪጨብጥ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፣ ልጅ ስትሸኙ «ቻይው» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውልሽን በሚገባሽ ቋንቋ አንብበሽዋል? ፓስፖርትሽን የሚይዘው ማን ነው? መልሱን ሰምታችሁ፣ ከዚያ መርቁ።